ያልተነካው ጅራት

አሶሳ ውስጥ ውሸት ደብቆ ከእኔ የሚያመልጥ ሰው ገና አልተወለደም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት ብላችሁ እንዳትንቁኝ፤ የጠፋ ደብተርም የተሰረቀ ማንጎም አውጥቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ቲቸር በቀለች ስታስጠራኝ ደረቴን ነፍቼ ነው ቤተ ሙከራ የገባሁት።

ሟቹ መስኮቱ ጋ፣ የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። እባብ የሚመስል፣ እግር የሌለው እንሽላሊት ነው። ቲቸር ከቀርከሃው ጫካ አምጥታ ዓመቱን ሙሉ ምስጥ ስታበላው ኖራለች። አርብ ሸርቆሌ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ሞቶ አገኘችው።

«ዘበኛው ነው!» አሉ ዳይሬክተራችን አቶ ሽመክት። «‹እባብ ከልጆች ጋር አይኖርም› ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬውኑ ይሰናበታል።»

ዘበኛው ጋሽ ሙዐዊያ ቁልፋቸውን ጨብጠው በሩ ላይ ቆመዋል። የስድስት ልጆች አባት ናቸው።

«ጋሽዬ፣ መትተውታል?»

«ወላሂ አልነካሁም። እኔ እሱን እፈራለሁ።»

ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ብኸይታ ዞርኩ። «አንቺስ?»

«እኔ? እሱ ካለበት መጥረጊያዬም አይደርስ! ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ ነበር።»

ጎንበስ አልኩ። የውሃ መጠጫው ደርቋል። ገና በጠዋቱ አሸዋው ጣት ያቃጥላል። ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ አቧራ ለብሷል፤ መሀሉ ላይ ግን የሣጥኑን ልክ የሚያህል ንጹሕ ቦታ አለ። ከጀርባው ሶኬት።

አርብ ከሰዓት ትዝ አለኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ጋሽ ሙዐዊያ ግን ቁልፉን ከቀለበቱ መፍታት ጀምረዋል።

«ቆይ፣ ስሙኝ!» አልኩ። «ይሄ ዘር ጅራቱን ከያዙት ጥሎት ነው የሚሸሸው። የዚህ ጅራት ሙሉ ነው። ስለዚህ ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልመታውም።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለች ቲቸር።

«ፀሐይ። ሣጥኑ ከጠረጴዛው ተነሥቶ መስኮት ጋ ተቀምጧል።»

«ማን አነሣው?»

«ሶኬቱ ከጀርባው ነበር። ሁለት ቀን የጠፋው መብራት አርብ ሲመጣ ስልኩን ለመሰካት የተጣደፈ ሰው ነው። ከዚያ መመለሱን ረሳ።»

«ስሙን ጥሪያ!» አሉ አቶ ሽመክት።

«እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሙዐዊያ ይመርቁኛል ብዬ ቀና አልኩ።

«አርብ በመስኮት አይቼሻለሁ» አሉኝ። «ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ግን መጀመሪያ እኔን ጠየቅሽ።»