ጭረት በጋሬድ ዛፍ ላይ

ንግሥት ኤልማዳ ዘውድ በምትደፋበት ቀን ማለዳ፣ በሐንዛር ቤተ መንግሥት አዳራሽ የቆመው ምስክር ታውሮ ተገኘ።

ምስክር ድንጋይ ነበር፤ ነገር ግን ድንጋይ ሆኖ አልተፈጠረም። ቁጥሩ በማይታወቅ ዘመን ዛፍ ሆኖ በነፋስ ሲወዛወዝ የኖረ፣ ኋላም ምድር ውጣው እንጨትነቱ ወደ ድንጋይ የተለወጠ ግንድ ነው። የሐንዛር ጥበበኞች ቆፍረው አወጡት፤ እንደ መስተዋት እስኪያበራም አለሰለሱት። መዳፉን በላዩ አኑሮ በሐሰት የሚምል ሰው ቢኖር፣ የግንዱ የዕድሜ ቀለበቶች አንድ በአንድ ይጠቁራሉ። የደጋው ሐንዛሮችና የወንዙ ዋዜሮች በየሰባት ዓመቱ በፊቱ እየተማማሉ ሃያ አንድ ዓመት ደም ሳይፋሰሱ ኖረዋል።

በዚያ ማለዳ ግን ምስክር ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ፣ ፊቱም የዓይነ ስውር ብሌን መስሎ ደፍርሶ ነበር። ሕዝቡ «መዓት መጣብን!» እያለ ደረቱን ደቃ። ዋዜሮች መሐላቸውን ሊያድሱ የሚመጡት ከአምስት ወር በኋላ ነው። የሚምሉበት ካላገኙ የሚመጡት በጦር ነው።

ያን ጊዜ የድንጋይ አለስላሾች አለቃ ሊቀ ጠበብት ሐርቤል በንግሥቲቱ ፊት ተንበረከከ። ምስክርን በጉልምስናው ያለሰለሰው እርሱ መሆኑን በሐንዛር የማያውቅ አልነበረም።

«ግርማዊት ሆይ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ጋሬድ የሚያደርስ ጉልበት የለኝም» አለ። «ነገር ግን በእጄ ያሳደግኋት አንዲት ልጅ አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ታውቃለች። ሜልኮላን ላኪ።»

ሜልኮላ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ አቤሶል ከቤተ መንግሥት ሰርቆ ከአገር እንደ ተባረረና በስደት እንደ ሞተ ይነገራት ነበር፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች የሌባ ልጅ ሳይል አንስቶ ያሳደጋት ሐርቤል ነው። ስለዚህ በዚያ ሁሉ መኳንንት ፊት ስሟን ሲጠራ እንባዋን መያዝ አቃታት። ሲሰናበታትም አራት የቆዳ ከረጢት ሰጣት፤ በሦስቱ ከሻካራ እስከ ልም በየደረጃው የተነፋ አሸዋ፣ በአራተኛው ደግሞ ድንጋይን የሚያበራው ነጭ ዱቄት ነበረበት። አራተኛውን በገዛ እጁ አንገቷ ላይ አሰረላት።

«ይህን ከደረትሽ አታውርጂው፣ ልጄ» አላት።

የተሰጣት ጓደኛ አንድ ብቻ ነበር፤ ጎምቢስ የሚሉት የመንኮራኩር ሠሪ። አባቱ ሐንዛር፣ እናቱ ዋዜር፣ ትከሻው የበር መቃን የሚሞላ፣ ቃሉ ግን ጥቂት የሆነ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። አሥራ ሁለት ቀን ተጉዘው የድንጋይ ዛፎች እንደ ጦር ሜዳ ሬሳ ወደተረፈረፉበት ወደ ጋሬድ ሸለቆ ወረዱ። በሸለቆው ራስ፣ ነጭ አመድ በሞላው ዋሻ ውስጥ ዛንጥራ ይኖራል፤ አካሉ እንሽላሊት፣ ግዝፈቱ በሬ፣ ምራቁ መርዝ የሆነ አውሬ ነው። ሐርቤል የሚያበራው ዱቄት ከዚያ ዋሻ እንደሚገኝ ያስተምር ነበር። በአንድ ትውልድ አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ወጥቷል ይባላል።

ሜልኮላ ሰባት ቀን መረጠች። በስምንተኛው ቀን ልቡ ቀይ፣ ቀለበቱ ሳይቆረጥ የዞረ፣ ሁለት ሰው በጭንቅ የሚያነሣው ጉማጅ አገኘች። ጎምቢስ በወንዙ ዳር ከሰው ቁመት የሚበልጥ በርሜል ሠራ፤ ውኃው የሚያዞረው መንኮራኩርም ገጠመለት። ጉማጁን ሲያስገቡት ሜልኮላ ዙሪያውን በትንንሽ የዛፍ ድንጋዮች ሞላችው።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?» አላት።

«ትልቅ ድንጋይ ብቻውን ከተንከባለለ ራሱን ይሰብራል። የሚለሰልሰው ትንንሾቹ ሲያቅፉት ነው።»

ጎምቢስ ፈገግ አለ። «እናቴ ስለ ሰው እንዲሁ ትላለች።»

የመጀመሪያው ከረጢት አንድ ወር ፈጀ። በርሜሉ ቀንም ሌሊትም እየዞረ የጉማጁን ጠርዝ በላ። ከዚያ ከፍተው ድንጋዩን እርሷ፣ በርሜሉን እርሱ፣ ውኃው ኩልል እስኪል አጠቡ፤ ከሻካራው አንዲት ቅንጣት ከቀረች የሚቀጥለውን ሥራ ሁሉ ታበላሻለችና። ሁለተኛውም ከረጢት ወር ወሰደ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ጉማጁ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። በመጨረሻ ሜልኮላ ነጩን ዱቄት ከአንገቷ ፈታ አፈሰሰችው።

በሰባተኛው ቀን ከፈቱት። ድንጋዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቧጭሮ ነበር፤ መቶ ድመት የተጣላበት ይመስል ነበር።

ሜልኮላ ተንበርክካ በጣቶቿ ዳበሰችው። ጭረት ያለበት ድንጋይ ምስክር አይሆንም፤ ሐሰት የምትሾልከው በዚያ ነው። ቀና ስትል ያየችው ጎምቢስን ነበር።

«በርሜሉን ያጠብከው አንተ ነህ።»

«አጥቤዋለሁ።»

«ሻካራ ቅንጣት ትተህበታል! ወይስ ሆን ብለህ ነው?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ይህ ድንጋይ ባይቆም የሚጠቀመው ማን ነው? እናትህ የዋዜር ሴት ናት!»

ጎምቢስ ለረጅም ጊዜ አያት። ለምሳ የጠበሰው ዓሣ እሳቱ ዳር እንደ ተቀመጠ ነበር፤ እርሱንም ሳይቀምስ፣ የቆዳ ሽርጡን ትከሻው ላይ ጥሎ ሽቅብ ወደ ሸለቆው ራስ ሄደ።

ሜልኮላ ብቻዋን ቀረች። እልኳ ሲበርድ፣ የቀረ ዱቄት ይኖር እንደ ሆነ ብላ ባዶውን ከረጢት ገለበጠችው። ጣቷ ስፌቱ ላይ ሲያልፍ አንዳች ነገር ኮረኮራት። ቆዳው ድርብ ነበር። የውስጡን ስፌት በካራ ስትተረትረው ጥቁር፣ ሹል፣ የሚያብለጨልጭ ቅንጣት መዳፏ ላይ ፈሰሰ። ከስፌቱ በታች ዱቄቱን ስታፈስ እንዲከተል ተብሎ የተተወ ትንሽ ቀዳዳም ነበረ።

ያን ድንጋይ የሚቧጭር ጥቁር ፍጭ ታውቀዋለች። በሐንዛር ከእርሱ ያለው አንድ ሣጥን ብቻ ነው፤ ቁልፉም ከሐርቤል አንገት አይወርድም። ስፌቱንም ታውቀዋለች። ሐርቤል አመልካች ጣቱ የተቆረጠ ስለሆነ መርፌውን በቀለበት ጣቱ እየገፋ ወደ ግራ አዘንብሎ ይሰፋል፤ ስድስት ዓመት ሲሆናት እጇን በእጁ ይዞ ያስተማራት ይህንኑ ስፌት ነው።

«አይሆንም» አለች ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት። ዝንጉ ሽማግሌ ነው ልትል ሞከረች፤ ስፌቱ ግን የዝንጉ ሰው አልነበረም። በትዕግሥት፣ በጥንቃቄ፣ እያንዳንዷ መርፌ ተለክታ የተሰፋ ነው። ሲሰፋው ምን ያስብ ነበር? ምናልባት እርሷ በሌላው ክፍል ስንቋን እያዘጋጀች ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። ከረጢቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ከሁሉ የከፋው ግን ጎምቢስን የከሰሰችበት አፏ ነበር። ወዳጇን እንደ ጠላት፣ ጠላቷን እንደ አባት አይታለች።

ተነሣች። ሌላ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ በርሜሉን አጥባ፣ ከሦስተኛው ከረጢት በተረፈው ልም አሸዋ ድንጋዩን እንደገና ማዞር ጀመረች። በአምስተኛው ቀን ጭረቶቹ ጠፉ። የሚያበራ ዱቄት ግን አልነበራትም።

በዚያው ቀን ጎምቢስ ተመለሰ። እየተንገዳገደ መጣ፤ ሽርጡን እንደ ጆንያ ቋጥሮ ይዞ ነበር። ቀኝ ትከሻው ከአንገቱ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ቋጠሮውን እግሯ ሥር አኑሮ ፈታው፤ እንደ አዲስ ወተት የነጣ አመድ።

«ዋሻው ገብተህ ነው?» አለችው።

«ተኝቶ ነበር። ስወጣ ነቃ።»

ሜልኮላ ጉልበቱን ይዛ ወደቀች። «ጎምቢስ፣ አንተ አይደለህም። አገኘሁት፤ ሐርቤል ነው። በደልሁህ።»

«እንዳልሆንሁ እኔም አውቃለሁ» አለ፤ ለአፍታም ያህል ሊስቅ ቃጣው። «ተነሺ። የዛንጥራ መርዝ ሰው ሳይገድል ሰባት ቀን ያቆያል ይላሉ። ዱቄቱስ ስንት ቀን ይፈልጋል?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?»

በጋው ገፍቶ ወንዙ ሳስቶ ነበር። ውኃው መንኮራኩሩን መግፋት ሲያቅተው ጎምቢስ በደህናው ትከሻው ይገፋው ነበር፤ የጋለውን ዘንግ በስብ እየቀባ፣ የላላውን ጥርስ በሽብልቅ እያጠበቀ። ሜልኮላ ታበላው፣ ቁስሉንም ታጥበው ነበር። ስታለቅስ ባያት ቁጥር «በርሜሉን ስሚ፤ ድምፁ ተለውጧል» እያለ ወደ ሥራዋ ይመልሳት ነበር። በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ፣ ግንባሩን መንኮራኩሩ ላይ አሳርፎ አገኘችው። በርሜሉ ገና ይዞር ነበር። ጎምቢስ ግን ትንፋሽ አልነበረውም።

በጋሬድ ቀበረችው። ከዚያ በርሜሉን ከፈተች፤ ፊቷንም በድንጋዩ ውስጥ አየች። ስንቃቸውን ባመጡት በቅሎዎች አስጎትታም ወደ ሐንዛር ወሰደችው።

የመሐላው ቀን ደረሰ። የዋዜር አለቆች ጦራቸውን ከከተማው ውጭ አቁመው አዳራሹን ሞሉት። አዲሱ ምስክር ልብሱ ሲገለጥ፣ ቀይ ቀለበቶቹ እንደ ፍም በሩ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ሐርቤል ከሕዝቡ መካከል እጁን ዘርግቶ መጣ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«ልጄ! አደረግሽው!»

ሜልኮላ አላቀፈችውም። ወደ ንግሥቲቱ ዞራ እጅ ነሣች።

«ግርማዊት ሆይ፣ አለቆቹ ሕይወታቸውን ሳይጥሉበት ድንጋዩ ይፈተን። የመጀመሪያውን መዳፍ መምህሬ ያኑር።»

«ይሁን» አለች ንግሥቲቱ።

ሐርቤል ዙሪያውን ተመለከተ፤ መውጫ አልነበረም። አራት ጣት የቀረው መዳፉ ድንጋዩ ላይ ዐረፈ። «ሜልኮላን እንደ ልጄ ወድጃታለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ድንጋዩ አልጠቆረም። አንዲት ቀለበት እንኳ አልደበዘዘችም።

ሜልኮላ ይህን አልጠበቀችም ነበር። በጥላቻ ያደረገው ቢሆን ይቀላት ነበር። ጥርሷን ነክሳ የተተረተረውን ከረጢት አወጣች። «አሁን ደግሞ ይህን በንጹሕ ልብ እንደ ሰጠኸኝ ማል።»

«በንጹሕ ልብ ሰጥቻታለሁ።»

የውጭው ቀለበት ጠቆረ። ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ጥቁረቱ እስከ ልቡ ደረሰ። ሐርቤል እጁ እንደ ተቃጠለ ሰው ሸሸ፤ ከዚያም ሽማግሌነቱ በአንድ ጊዜ የወደቀበት ይመስል ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«የቀድሞውን ምስክር ያለሰለስሁት እኔ አይደለሁም» አለ። «አባትሽ ነው፣ ሜልኮላ። ጋሬድ ወርዶ ከዋሻው የወጣውም እርሱ ነው። ሌባ ነው ብዬ መሰከርሁበት፤ ክብሩን ወሰድሁ። ንግሥቲቱ ‹ሹማምንት ሁሉ በዘውዴ ቀን በምስክር ይማሉ› ስትል ጨነቀኝ፤ በመዶሻ ሰነጠቅሁት። አዲሱ እንዳይቆም ፈለግሁ እንጂ አንቺ እንድትጎጂ አልፈለግሁም።»

«ዛንጥራ የገደለው ጎምቢስስ? በጦር የሚያልቀው ሕዝብስ?»

ሐርቤል ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ድንጋዩ ግን ቀስ እያለ ወደ ቀይነቱ ተመለሰ፤ የዋዜር አለቆችም ያዩትን አይተው አንድ በአንድ መዳፋቸውን አኖሩ። ጦርነቱ ቀረ።

በሐንዛር ሕግ በሐሰት የማለ ሰው እጁ ይቆረጣል። ንግሥቲቱ ፍርዱን ለሜልኮላ ሰጠቻት።

«እጁን ተዉለት» አለች ሜልኮላ፤ «እስኪሞት ድረስ በርሜል ይጠብበት። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ‹ልጄ› ብሎ እንዳይጠራኝ ይታዘዝልኝ።» ሐርቤል ሰይፍ ቢመዘዝበት እንኳ የማያለቅሰውን ልቅሶ አለቀሰ። እርሷ ግን ዞራ አላየችውም።

የአባቷን ክብርና የአለቅነቱን ካባ ተቀበለች። ካባውን ግን ለብሳ አልሄደችም። በማግስቱ ብቻዋን ወደ ዋዜር ምድር ወርዳ የጎምቢስን እናት ቤት ጠየቀች። አሮጊቷ በራፏ ላይ መረብ ትጠግን ነበር። የልጇን ሞት ከመልእክተኞች ሰምታለች፤ ጀግንነቱንም ነግረዋታል። ሜልኮላ በፊቷ ቆማ መልእክተኞቹ ያልነገሯትን ነገረቻት፤ እንዴት እንደ ከሰሰችው፣ የእናቱንም ስም እንዴት እንዳነሣች፣ ምንም አላስቀረችም።

አሮጊቷ መረቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የዚያን ቀን ሲሄድ» አለች በመጨረሻ፣ «በልቶ ነበር?»

«አልበላም፣ እማማ። ዓሣውን ትቶት ነው የሄደው።»

አሮጊቷ መረቡን ወደ ጎን አኖረች። መሬቱን ተደግፋ ተነሣች፤ በሩንም ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ አንቺም ሳትበዪ ነው የመጣሽው» አለች። «ግቢ።»