በቱታው የገባው ብናኝ

ብረት ሞራጁ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ እናቱ ቤት፣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። ተኝቶ መተንፈስ ካቃተው ሰንብቷል። የፋብሪካው ሐኪም ሬሳውን ከበር ላይ አይቶ፣ «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ከእናቱ ተጋባበት» ብሎ ሄደ። እናቲቱም ታስላለችና ሰው ሁሉ አመነ። ታናሽ ወንድሙማ በሥራ ቱታው መጥቶ የራሱን ሕፃን ልጅ ከአያቷ እቅፍ ነጥቆ ወሰደ። በአንድ ቀን ልጅም የልጅ ልጅም አጣች።

የፖሊስ መርማሪ በማግስቱ መጣ።

«እማማ፣ ነቀርሳ ተመርምረዋል?»

«ሦስቴ! የለብሽም አሉኝ። ማን ይስማኝ? ሐኪም ተብዬው ነጭ ኮት ለብሷላ!»

«ፋብሪካው ገብተው ያውቃሉ?»

«ደጃፉንም አልረገጥኩ። የሁለቱን ልጆቼን ቱታ እዚህ በር ላይ አራግፌ አጥባለሁ እንጂ።»

መርማሪው የበሩን መቃን በጣቱ ጠረገ። ጣቱ ግራጫ ሆነ።

የፋብሪካው ዘበኛ መዳፍ በብረት ፍንጣሪ የተጠባበሰ ነው።

«ሞረድ ክፍል ነበርክ?» አለው መርማሪው።

«እስከ አምና። ሁላችንም ለምርመራ ደም ሰጠን፤ ውጤቱ ሲመጣ አለቃው ወደ በር አወጣኝ። የእህቴ ባል ነው፤ ያስብልኛል።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እናቲቱ ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃው ገና ሳይጠየቅ ጮኸ። «ብናኙ ቢገድል ታናሹስ? አንድ ማሽን ላይ አይደል የሚሠሩት? ይኸው፣ በሬ አክሎ ቆሟል!»

«ደማችን ጠባቂ አለው» አለ መርማሪው። «ፋብሪካው የሚሞርደው፣ ቤሪሊየም የሚሉት ብረት ብናኝ ሳንባ ሲገባ የብዙ ሰው ጠባቂ ዝም ይለዋል። የአንዳንዱ ግን ሌባ ገባ ብሎ ይነሳና የገዛ ሳንባውን ያቆስላል። ይህ ጠባይ በዘር ይወረሳል። ሟች ከእናቱ ወርሶታል፤ ታናሹ አልወረሰም። ፋብሪካ ያልረገጡት እናት በቱታ ብናኝ የታመሙትም ለዚህ ነው። ውጤቱን ከላቦራቶሪው አመጣሁት፤ የሁለት ሰው ደም ብረቱን ተቆጥቷል። አንዱ አማችዎ ነው፤ በር ላይ ንጹሕ አየር ይስባል። ሁለተኛው ሟች።»

ሐኪሙን ላብ አጠመቀው። «እኔ ለአለቃው ነግሬያለሁ!»

«እንደሱ የሚሞርድ ከየት ላምጣ?» አለ አለቃው። ምን እንዳመለጠው የገባው ከተናገረው በኋላ ነው።

መርማሪው ሁለቱን ይዞ ወጣ። ታናሹ እናቱ እግር ላይ ወደቀ።

«ይቅር በይኝ እማዬ። ልጄን አሁኑኑ አመጣልሻለሁ።»

እናቲቱ የቱታውን ትከሻ አየች። ግራጫው ብናኝ ያብለጨልጫል፤ ትናንት ሕፃኗን ከእሷ ነጥቆ የለጠፋት እዚያው ላይ ነበር።

«መጀመሪያ አውልቀው» አለችው። «የእናቷ ደም እንደ እኔ ቢሆንስ፣ ማን አየው?»