ጋሽ ቀጄላ ደረት ላይ የነበረው ቅቤ

ይሄን ሰው ነግሮኝ አይደለም። እጄ የነካውን፣ ዓይኔ ያየውን ነው የምጽፍላችሁ። ምክንያቱን ግን አላውቅም።

ማክሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ 8፡20። ቤቴል፣ ስሙን የማልጠራው የግል ሆስፒታል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍሉን ሞልታዋለች።

ጋሽ ቀጄላ የልባቸው የደም ቧንቧዎች ጠበዋል። ቀዶ ሐኪሙ አየር ጤና ጋ መንገድ ተዘግቶበታል። እስኪደርስ በሕይወት ማቆየት የኔ፣ የማሽን ባለሙያው የያደሳ ሥራ ነው።

ልባቸውን የሚያግዘው ማሽን ትንሽ ፊኛ አለው። በብሽሽት ገብቶ ትልቁ የደም ቧንቧ ውስጥ ይቀመጣል። ልብ ሲያርፍ ፊኛው ይነፋና ደሙን ወደ ልብ ቧንቧዎች ይገፋል። ልብ ሲጨምቅ ይሟሽሻል። ጊዜው ከተዛባ ልብ የተዘጋ በር እንደሚገፋ ሰው ይሆናል። ማሽኑ ጊዜውን የሚያውቀው ደረት ላይ ከተለጠፉት ሽቦዎች ነው።

በሩን ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው።

"እትዬ ጉዲቱ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

የጋሽ ቀጄላ ታላቅ እህት ናቸው። ጣቶቻቸው ያብረቀርቃሉ።

"ቅቤ ነዋ! በረደኝ ሲል ደረቱን አሸሁት። ከአገር ቤት የመጣ፣ ንጹሕ።"

"ንጹሕ?" አለች ነርሷ ሌሊሴ አፍንጫዋን ይዛ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል።"

ቢጫው ከደረት ፀጉራቸው ጋር ተጓጉሎ ወደ ብብታቸው ይወርዳል። አፌን በክንዴ ሸፍኜ ጎንበስ አልኩ። ጓንቴ አሟልጮኝ ወለቀ። በባዶ መዳፌ ጠረግኩት...

ያኔ ነው ያየሁት።

ሽቦዎቹ መሬት ላይ ናቸው። አምስቱም።

"ሌሊሴ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ማሽኑ ማንን እየተከተለ ነው?"

ማሽኑ ላይ ያለው የልብ ምት ቁጥር 66 ይላል። ፊኛው ይነፋል... ይሟሽሻል... ይነፋል።

አንገታቸውን ዳሰስኩ። ቀጭን፣ ፈጣን። 120። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ደረታቸውን በአልኮል ጠርጌ አዲስ ለጠፍኩ። 66። ማቆሚያውን ተጫንኩ። አልቆመም።

ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ።

"ያደሳ... ቁጥሩ ጨመረ፣" አለች ሌሊሴ።

80... 97... 119።

ሁለት ጣቴን የእጄ አንጓ ላይ አሳረፍኩ። አንድ ምት፣ አንድ ንፋት። አንድ ምት፣ አንድ ንፋት።

የኔ ነው።

የጋሽ ቀጄላ ከንፈር ቀላ። የኔ ድንጋጤና የሳቸው ልብ ገጥመው ነበር።

እፎይ ብዬ ተነፈስኩ። 104... 90... ከንፈራቸው መልሶ ጠቆረ።

እትዬ ጉዲቱ ገባቸው።

"ልጄ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "እንዳትረጋጋ።"

"በምን ልደንግጥ እትዬ? ለምጄው..."

ጣታቸውን አፌ ጋ አመጡ። ጫፉ ላይ ቅቤው አለ። አንዲት ሽበት ተጠምጥማበታለች።

"ለወንድሜ ስትል።"

አፌን ከፈትኩ።

ምላሴ ላይ ሞቀ። የሰው ላብ፣ የበሰበሰ ወተት... ፀጉሯ ጉሮሮዬ ላይ ተያዘች። ሰውነቴ በሙሉ ተቆጣ።

"121፣" አለች ሌሊሴ ፊቷን አዙራ።

እንደገና ወደ ጣታቸው ቀረብኩ። እንደገና። አርባ ደቂቃ ሙሉ እንደዛ ቆየሁ። ስለምደው ጨመሩልኝ።

ዶክተር ሀብተሥላሴ እየሮጠ ገባ። ቀላ ያለውን ከንፈር አይቶ ፈገግ አለ። አንገታቸውን ሲነካ ግን ፈገግታው ጠፋ። የዓይናቸውን ቆብ ገለጠ። ክንዳቸውን አነሳ። አልተጣጠፈም።

"ያደሳ... እኚህ ሰው እኮ ቀዝቅዘዋል። ከሞቱ ቆይተዋል።"

መልስ ልሰጠው ፈለግኩ። አፌ ግን ሙሉ ነበር።

ዋጥኩት።

አልጋው ላይ የጋሽ ቀጄላ ጉሮሮ ወደ ላይ ወጣ... ወደ ታች ወረደ።