አንድ ብርጭቆ የጎደለው ፔርሙዝ

የአቶ በርሄ አስከሬን ከሐይቁ ወጥቶ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በገባ ዕለት፣ ጎረቤታቸው ለተሚካኤል የሟቹን ፔርሙዝ አልጋዋ ሥር ደበቀችው። ፔርሙዙን ከሐይቁ ዳር ያመጣው ልጇ ሃፍቶም ነበር። ሽማግሌውን ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ያገኘውም እሱ ነው። በማግስቱ ፖሊስ ሲወስደው «አደይ፣ አትፍሪ» አላት እናቱን።

በሦስተኛው ቀን መርማሪ ነሲባ ሁሉንም በሟቹ ቤት ሰበሰበች። ሃፍቶም በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለችው የሟቹን የእህት ልጅ ሉልሰገድን።

«ንጋት ላይ በመኪናዬ ሐይቁ ዳር አደረስኩት። እስከ ስድስት ሰዓት አብሬው ነበርኩ። አንድ ዓሣ እንኳ አልነካለትም፤ አራት ቦታ ቀያየርን። ሃፍቶም ሲመጣ ትቻቸው ተመለስኩ።»

«ውሸት ነው! ከሥራ በኋላ ልቀላቀላቸው ስደርስ ከአስከሬናቸው በቀር ማንም አልነበረም!» ሃፍቶም ጮኸ።

ነሲባ የፒያሳውን ባለሱቅ ዑዘይርን ጠየቀች። «ሃፍቶም ከሱቅዎ ስንት ሰዓት ወጣ?»

«ሦስት ሰዓት። ከሌሊት ጀምሮ እስከዚያ ዕቃ ሲያወርድልኝ ነበር፤ ወላሂ!»

«እርስዎም ከአቶ በርሄ ጋር ያጠምዱ ነበር። ቦታ የሚቀይሩት መቼ ነው?»

ዑዘይር በሐዘኑ መሀል ፈገግ አለ። «ምጽዋ በነበረ ጊዜ ባሕሩ ላይ የለመደውን ነው የሚያደርገው። መንጠቆውን ይወረውርና ከፔርሙዙ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይቀዳል። ሻዩ እስኪያልቅ ዓሣ ካልነካለት ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። ከነካለት እስከ ማታ አይነቃነቅም። ትንሽ እንታገሥ ስለው፣ አንተ ሱቅህ ቆመህ ደንበኛ ጠብቅ ይለኛል።»

«ታዲያ ፔርሙዙ የት ገባ? ከዕቃዎቹ መካከል የለም።»

የለተሚካኤል ዓይን ሳታስበው ወደ ራሷ ቤት በር ሁለት ጊዜ ሮጠ። ነሲባ አየቻት።

«እትዬ፣ ሻዩን የሚያፈሉላቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ… ፔርሙዙ እጁ ተገኘ ተብሎ ልጄን አትውሰዱብኝ።»

«ያምጡት።»

ከአልጋዋ ሥር አውጥታ አመጣችው።

«ከፍተውታል?»

«አልነካሁትም። ሃፍቶምም አልነካው።»

«ስንት ብርጭቆ ይይዛል?»

«ስድስት። እስከ አፉ ነው የሞላሁት።»

ነሲባ የከረመውን ሻይ በሟቹ ብርጭቆ እየለካች ባልዲ ውስጥ ደፋችው። አምስተኛው ላይ አለቀ።

«የጠጡት አንድ ብቻ ነው» አለች። «ከመጀመሪያው ቦታ አልተነሡም ማለት ነው።»

«ሻይ አላሰኘውም ይሆናላ!» አለ ሉልሰገድ።

«በርሄን?» አለ ዑዘይር። «ታሞ እንኳ ሻይ እምቢ አይልም!»

«ዓሣ ይዞላቸው ቆዩ እንዳንል የዓሣው ባልዲ ባዶ ነበር። ምንም አልነካለትም ያሉትም እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሉልሰገድ። ዓሣ ከሌለ ይነሡ ነበር። ያልተነሡት ስለሞቱ ነው፤ ገና በንጋት፣ ሃፍቶም ፒያሳ ዕቃ ሲያወርድ። በዚያ ሰዓት አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሉልሰገድ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ይህን ቤት ሸጠን እንውጣ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት! ሐይቅ ላይ በየብርጭቆው ቦታ የሚቀይር ሰው፣ ከዚህች ጎጆ ግን አልነቃነቅም አለኝ። አንዴ ብቻ ገፋሁት።»

ሃፍቶም ተለቀቀ። ፖሊሱ የለተሚካኤልን ቃል ጽፎ የጣት ቀለም አቀረበላት።

«ቆይ፣ ላንብበው» አለች። የማታ ትምህርት ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነው። ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች «ልጄን ለማዳን ብዬ ደበቅኩት» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች።

«አደይ፣ ፈርሚና እንሂድ» አላት ሃፍቶም።

ቀለሙን ትታ በአንድ እጇ የፖሊሱን እስክሪብቶ አነሣች፤ በሌላው የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።