የጓሮው ክፍል መንገድ

ሸምሶ በኢንተርኔት ቤቱ፣ ከዋናው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ሥር ተደፍቶ ሞቷል። የተዘረጋው እጁ ከሶኬቱ አጠገብ ነው፤ የተመታበት የመብራት ማመጣጠኛ ስታቢላይዘርም እዚያው ወድቋል። ኢንስፔክተር ዓለምዘውድ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። በቡታጅራና በወልቂጤ ስንቱን ሬሳ አይታ ልቧ ከደነዘዘ ቆይቷል።

ፖሊሶቹ ሚስቱን ሃሊማን ይዘዋታል። ምሳ ይዛ ገብታ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት።

የኮምፒውተር መምህሩ አስረስ ከተማሪዎቹ ጋር ጓሮ ክፍል ነበር። «መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ሁሌም ያኔ ሸምሶ ሶኬቱን ይነቅላል። መብራት መጥቶ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ» አለ። «ኢንተርኔቱ የሚመጣው በስልክ መስመር ነው፤ የሚደወለውም ከዚህ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱን ወደ እኛ ክፍል የሚወስደውን የትእዛዝ መንገድ ሸምሶ ራሱ ይጽፍለታል፤ አለዚያ እኛ ጋ አይደርስም።»

«አንዴ ጽፎ ለምን አያስቀምጠውም?»

«ሲጠሩት ደስ ይለዋል። ‹ሸምሶ፣ ና ክፈትልን› ካልተባለ ቀኑ አይነጋለትም።»

የሸምሶ ሸሪክ ከማሉ ቀጠለ። «እኔ ወላሂ በር ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር አላውቅም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሸረፋ ሱቅ ሄድኩ። ስወጣ ሸምሶ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።»

ባለሱቁ ሸረፋም አልካደም፤ ሃሊማ እስክትጮህ ድረስ አብረው ነበሩ። ነገሩ ሁሉ ሃሊማ ላይ ወደቀ።

ዓለምዘውድ ሁሉንም ሰበሰበች። አስረስን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንዲያስነሳና ስልኩን ብቻ እንዲደውል አዘዘችው። የስልኩ ሞደም ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ኢንተርኔቱ መጣ» አሉ ተማሪዎቹ ከጓሮ።

አስረስ እጁን አየ። «ምንም አልጻፍኩም እኮ።»

«አልጻፍክም» አለች። «ሸምሶ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሲመለስ እንዳያቃጥልበት ሶኬት ይነቅላል። ዛሬም ነቅሎ ቀና ሳይል ተመታ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሞቷል፤ ሃሊማ ደግሞ ገና አልመጣችም። አስረስ ከተማሪዎቹ አልተለየም። ስለዚህ ሶኬቱን የሰካው፣ መንገዱንም የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የሸምሶ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይሄኛው እንዲቀመጥ ሆኖ ተጽፏል፤ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ከማሉ፣ ሬሳውን ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያየኸው?»

ከማሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሸምሶ ዕቃውን ጭኖ፣ እኔን ትቶ ወልቂጤ ሊገባ ነበር» አለ በዝግታ። «ስንት ዓመት ለምኜው አላስተማረኝም። ተደብቄ ተማርኩ።»

ይዘውት ወጡ። ዓለምዘውድ የሃሊማን ካቴና ፈታች። «ልጅሽ ጋ ሂጂ በቃ።»

ሃሊማ አልተነሳችም፤ አላለቀሰችምም። የተፈታ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየዋለች።

«አባቷን ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?» አለች።

ዓለምዘውድ አጠገቧ ተቀመጠች።