በጠራ ሰማይ የመጣ ጎርፍ

ጀሚል ያዛጋው ልክ ወንበዴው ሽጉጡን በሚመዝበት መስመር ላይ ነበር።

ማዛጋት ብቻ ቢሆን ኢቅራ እንዳልሰማች ሆና ባለፈችው። እሱ ግን አፉን በመዳፉ እንኳ ሳይከድን እስከ መጨረሻው ለቀቀው፤ የሥነ ጽሑፍ ክበቡ አባላትም ከኋላ ወንበር ጀምረው በሳቅ ፈረሱ። ኢቅራ ደብተሯን እንደያዘች ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። ዘጠነኛ ክፍል እስክትደርስ ከአንደኛነት ወርዳ አታውቅም። «የቦሌው ቪላ ምስጢር» ያለችውን ይህን ልቦለድ ለመጻፍ ደግሞ ሦስት ሳምንት ፈጅታለች።

«ምን ያስቅሃል?» አለችው።

«እኔ መቼ ሳቅሁ? አዛጋሁ እንጂ!» አለ ጀሚል። «ወላሂ፣ ልጅቷ እንደማትሞት ከመጀመሪያው ገጽ አውቄያለሁ። ቆንጆ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ካራቴ ትችላለች፣ መኪና ትነዳለች። እንዲህ ላለች ልጅ ምን ብዬ ልስጋ? እኔ እንኳን ያዘንኩት ለወንበዴው ነው።»

ክፍሉ እንደገና አውካካ። መምህርት ማስተዋል ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉ። ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ወደ ቆቦ ከመጡ ገና ስድስት ወራቸው ቢሆንም፣ ክበቡን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው።

«ጀሚል፣ አፍህን መክደን ልመድ። የተናገርከው ግን ሐሰት አይደለም» አሉና ወደ ኢቅራ ዞሩ። «ይህች ልጅ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ወንበዴውን መያዝ።»

«እሱማ ሥራዋ ነው። እሷ ራሷስ? ማንም ሳያያት የምታፍርበት ነገር ምንድን ነው?»

ኢቅራ ደብተሯን ወደ ኋላ ገለጠች።

«እሺ፣ ቪላው በር ላይ ስትቆም ምን ይሸታታል?»

ኢቅራ ከወልድያ አልፋ ሄዳ አታውቅም። «አበባ» አለች ቀስ ብላ።

«የፕላስቲክ!» አለ ጀሚል ከኋላ።

መምህርቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ ሦስት ድርሰቶች በሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ይነበባሉ። ከሦስቱ አንዱ ወልድያ ለሚደረገው ውድድር ይላካል። «ይህ ከሦስቱ አይገባም፣ ኢቅራ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ግን ትገቢያለሽ ብዬ አምናለሁ። እስከ ማክሰኞ ሌላ ጽፈሽ አምጪ።»

የዚያን ዕለት አባቷ ሰላሁዲን ከእርሻ ሲመለስ፣ እግሩን ሳይታጠብ የጠየቃት ስለ ድርሰቷ ነበር። «እህ፣ የኔ መምህር! እንዴት አሉሽ?»

ኢቅራ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ተመረጠ፣ አባዬ። ወልድያ ይሄዳል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሰላሁዲን፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። ኢቅራ ቃሏን መልሳ ልትውጠው ፈለገች። አንዴ ከአፍ የወጣ ነገር ግን እንኳን በሰው በፈረስም አይመለስ። ከእንግዲህ የቀራት አንድ መንገድ ብቻ መሰላት፤ በስምንት ቀን ውስጥ ውሸቱን እውነት ማድረግ።

ቅዳሜ ለአባቷ ምሳ ይዛ ወደ ሆርማት ወረደች። ወንዙ በሚያዝያ ወንዝ አይመስልም። የኳስ ሜዳ የሚያህል አሸዋ ተዘርግቶ ይቆያል፤ ጠብታ ውኃ የለውም። ገበሬዎቹ ግን ዳሩ ላይ ድንጋይና የግራር ቅርንጫፍ እየደረደሩ ጠለፋውን ያጠናክሩ ነበር። በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች ላይ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በዚህ አሸዋ እየጋለበ ይመጣል፤ ጠለፋውም አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራዋል።

ምሳ ዕቃውን ገና ከማስቀመጧ የደስታ መግለጫው ወረደባት።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጃችን!»

«አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም! ድንጋይ እንኳ የሚያነሳው ወልድያ እያለ ነው!»

«ሜዳሊያውን ስታመጪ በግ አርዳለሁ፤ የሰላሁዲንን በግ!» አለ በድረዲን፣ የማሳ ጎረቤታቸው፤ ሁሉም ሳቁ። ኢቅራ ዓይኗን ከአሸዋው አላነሳችም።

ሲበሉ አያ ኡበይድ ጨዋታ ጀመሩ። አያ ኡበይድ የውኃ አባት ናቸው፤ ጎርፍ ሲመጣ የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ስለሆኑ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው የለም። የያዙት ወሬ የበድረዲንን ነው፤ ከዓመታት በፊት ጎርፍ ሊወስደው ሲል የበሬውን ጅራት ይዞ የተረፈበትን። ኢቅራ አሥር ጊዜ ሰምታዋለች።

«ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል» አሉ አያ ኡበይድ። «በድረዲን አሸዋው መሐል ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ከጀርባው፣ እዚያ ማዶ፣ ከተራራው ራስ ላይ፣ ባርኔጣ የምታህል ጥቁር ነገር ተቀምጣለች። ፍየሎች ቅጠሉን ትተው ዳገት ዳገቱን ያዙ። በድረዲን ጫማውን ያራግፋል። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። በድረዲን ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ…»

እዚህ ላይ አቆሙ። ኮዳቸውን አነሱ፤ ክዳኑን ፈቱ፤ በዝግታ ጠጡ። ጉርሻ የያዙ እጆች ሁሉ አየር ላይ ቀሩ።

«ኧረ ቶሎ ይበሉ፣ አያ ኡበይድ!» አለ በድረዲን ራሱ። «ውኃው ሊወስደኝ እኮ ነው!»

ሳቁ ዳር እስከ ዳር አስተጋባ። ኢቅራ ግን አልሳቀችም። በድረዲን እዚህ፣ ፊቷ፣ በሕይወት ተቀምጦ ለራሱ ሲሰጋ አየች! የእሷዋ የቦሌ ልጅ ግን በሽጉጥ ፊት ቆማ እንኳ አንድ ሰው አላሳሰበችም።

«አያ ኡበይድ፣ መጨረሻውን ሁሉም ያውቁታል። ታዲያ ለምን ይፈራሉ?»

ሽማግሌው አስተዋሏት። «ጎርፉ መች ያስፈራል፣ ልጄ? ካየሽው ትሸሺዋለሽ። የሚያስፈራው አንቺ ያየሽውን እሱ ሳያይ ሲቀር ነው። እኔ ለሰሚው ተራራውን አሳየዋለሁ፤ ለበድረዲን ደግሞ ጫማውን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ውኃዬን እጠጣለሁ።»

ኢቅራ ወደ ቤት የተመለሰችው በሩጫ ነበር።

አዲሱ ታሪክ አሊ ስለሚባል ልጅ ነው። አሊ ጎርፉ ሲመጣ ጮኾ እንዲያስጠነቅቅ ጉብታ ላይ በጥበቃ ተመድቧል። ሆኖም የአባቱን ዶማ አሸዋው ውስጥ ጥሎ ረስቶታል፤ አባቱ ሲጠይቀውም «ጎረቤት ተውሶታል» ብሎ ዋሽቷል። ስለዚህ ማንም ሳያየው ዶማውን ሊፈልግ ጥበቃውን ትቶ ወረደ። ያን ውሸት ስትጽፍ እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆመ። ከየት እንደመጣ ታውቃለች። እያወቀች ጻፈችው። ጎርፉ መጣ፤ አሊ ለጥቂት ተረፈ፤ ዶማው ግን ሄደ። በስተመጨረሻ አሊ በጭቃ ተለውሶ አባቱ ፊት ቆመና አፉን ከፈተ። ምን እንዳለ ኢቅራ አልታያትም፤ እዚያው ላይ ተወችው።

ረቡዕ መምህርት ማስተዋል ከሦስቱ መግባቷን ነግረው ወረቀቷን መለሱላት። በኅዳጉ ላይ «ጥሩ!» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «እዚህ ትንፋሼ ቆመ» ይላል። «ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር» ከሚለው ሥር ግን ሁለት ቀይ መስመር ተሰምሯል። «ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ ከየት መጣ? አያሳምንም። ዳመናና ነጎድጓድ ጨምሪበት።»

ኢቅራ በዕድሜዋ ሙሉ በቀይ የተጻፈባትን ነገር ሳታርም አድራ አታውቅም። የሚመርጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ካልተመረጠች አባቷ ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ይላል? ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች አዲስ ወረቀት አወጣችና በአሊ አናት ላይ ዳመና ከመረች፤ ነጎድጓዱንም አስጮኸችው። ከዚያ አነበበችው። ሰማዩ እየተቀደደ አሊ አሸዋ ውስጥ ዶማ ይፈልጋል።

«ምን ዓይነት ጅል ነው ይሄ!» አለች ለራሷ። አሊን የፈጠረችው እሷ ሆና እንኳ አላዘነችለትም።

ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ብዙ አሰበች። መምህርቷ ሞኝ አይደሉም። የሚያውቁት አገር ጎርፍ ከዝናቡ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የቆቦን ተራራ ያሳያቸው ሰው የለም። እሷም ቆቦ ተወልዳ ስላደገች ማሳየት እንደሚያስፈልግ ትዝ አላላትም ነበር። ጉድለቱ ያለው ሰማዩ ላይ ሳይሆን ከሰማዩ በፊት ነው! ሌላ ወረቀት ሳበች። ሰማዩን እንደ ጠራ ተወችው፤ ከታሪኩ ራስ ላይ ግን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጨመረች።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ወረቀቶች ይዛ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ሁለት ልጆች አንብበው ወርደዋል። ተማሪው በየሰልፉ ይንሾካሾካል፤ ከዋናው መንገድ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። መምህርት ማስተዋል ከሰንደቁ ሥር ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። ከላይ ያለው ወረቀት ዳመና ያለበት ነው። ኢቅራ አየችው። አባቷን አሰበች፤ አሊን አሰበች። ከዚያ የላይኛውን ወረቀት ወደ ታች አዘዋወረችው።

«በቆቦ ሰማዩን ያየ አይድንም» ብላ ጀመረች። «የሚድነው ተራራውን ያየ ነው። እኛ ራስ ላይ ፀሐይ እያለ እዚያ ማዶ ይዘንባል፤ ጎርፉም ሳይነግረን ጉዞ ይጀምራል። በዚያ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።»

የመምህርቷ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ እንደተደገነ ቀረ።

አሊ ዋሸ። አሊ ጥበቃውን ትቶ ወረደ። ሹክሹክታው ከፊት ሰልፍ ጀምሮ እየከሰመ ሄደ። ፍየሎቹ ዳገቱን ሲይዙ የሚያስል እንኳ ጠፋ። «አሊ አሸዋውን በእጁ ጫረ። ጣቱ እንጨት ነካ። የዶማው እጀታ ነው። ከጉልበቱ ሥር ያለው አሸዋ በቀስታ መንቀጥቀጥ ጀመረ…»

ኢቅራ አቆመች። ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። የሻርፗን ጫፍ ፈታች፤ በዝግታ መልሳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

ያኔ ነው የሆነው። ከሁለተኛው ሰልፍ አንዲት ልጅ አንገቷን ወደ ምዕራብ አዞረች። አጠገቧ ያለው ልጅ ተከተላት። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ፣ ቀጥሎም ያኛው ሰልፍ፣ በስተመጨረሻ ግቢው ሙሉ ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ። ተራራው ራስ ላይ ምንም አልነበረም። መምህርት ማስተዋልም ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ጋርደው ያያሉ!

«ቶሎ በይ እንጂ! ይበላዋል እኮ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ። ጀሚል ነው። አፉን ከፍቷል፤ ዛሬ ግን የማዛጋት አይደለም።

ኢቅራ ጎርፉን ለቀቀችው።

አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጠፈች። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ ከዳር ተነሥቶ፣ መሐሉን ሞልቶ፣ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ። ኢቅራ ፊቷ በፈገግታ ተጥለቅልቆ ወረደች። መምህርት ማስተዋል ጠበቋት። ወረቀቱን ተቀብለው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እንደገና አነበቡ።

«ለካ ተራራውን ያላየሁት እኔ ነኝ» አሉና ሳቁ። «ወልድያ የሚሄደው ይኸው ነው። አንዲት ዳመና እንዳትጨምሪበት!»

ጀሚል ሰው እየገፋ ደረሰ። «ቆይ ቆይ፣ አሊ ለአባቱ እውነቱን ነገረው፣ አልነገረውም?»

«አላውቅም» አለች ኢቅራ።

«እንዴት አታውቂም? ጸሐፊዋ አንቺ!»

ኢቅራ ቦርሳዋን አነሳች።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባቷን ጠለፋው ላይ ብቻውን አገኘችው። የተናደውን ዳር በዶማ ይደለድል ነበር። ገና ከሩቅ ሲያያት፣ «መጣሽ፣ የኔ መምህር? ወልድያ መቼ ነው?» አለ።

«የዛሬ ሳምንት።» ይህ እውነት ነው። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም ምንም አያውቅም፤ ውሸቱ በስምንተኛው ቀን እውነት ሆኗል። አሸዋው ፀጥ ብሏል። ኢቅራ ወደ ተራራው አንድ ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ቦርሳዋን ዳሩ ላይ አስቀመጠችና ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ባለፈው ሐሙስ ‹ተመረጠ› ስልህ…» አለች።

ሰላሁዲን ዶማውን አስቀመጠ።