ሦስቴ የተቀረጸው ስንብት

ሰፈሩ «አክሽን» የሚለው ወጣት በአንዲት አሮጌ ካሜራ ሰባት ፊልም ሠርቷል፤ እኔን ከሰማችሁ ግን ሰባ ነው። በያጁ አባቱ የካሜራውን መቆሚያ ከውሃ ቧንቧ በይደው ሠርተውለታል፤ ዝሆን ቢቀመጥበት ንቅንቅ አይልም። ተዋናዮቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። ባለሱቋ ሐኪም ሆና ስትተውን እውነተኛ በሽተኞች መጥተው ተሰልፈዋል። የተጻፈ ንግግር አይሰጣቸውም። ሁኔታው ከእኔ፣ ቃሉ ከገዛ ሕይወታችሁ ይላቸዋል፤ እነሱም ያመጣሉ፣ የባላቸውን ሚስጥር ሳይቀር።

ልብሱን የምታሰናዳለት ልብስ ሰፊዋ ነበረች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ፈገግ ስትል ፀሐይ አፍራ ደመና ውስጥ ትገባለች። አክሽን ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዳት። ያለ ካሜራ ሲያገኛት ግን ምላሱ ይታሰርና ስለ ቁልፍና ስለ ዚፕ ብቻ ያወራል። ይህ ፊልም ሲያልቅ እነግራታለሁ እያለ ሦስት ፊልም አለቀ።

በአራተኛው፣ ለጋብቻ ወደ ሩቅ አገር የምትሄድ ልጅ ሆና እንድትተውን ለመናት። ፈገግታዋ ጠፋ። ማን ነገረህ አለችው። ማንም፣ ከራሴ ያመጣሁት ነው አላት። እውነቱን ነበር።

ቀረጻው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሆነ። የሚሸኛትን ፍቅረኛ የሚተውነው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሃምሳን ቢሻገርም ጢሙን ተላጭቶ ሠላሳ ነኝ ይላል።

እሷ ግን ፀጉር አስተካካዩን አላየችውም። ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው ተመለከተች።

«አጎቴ ባል አግኝቶልኛል። እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪ ብሎኛል። አትሂጂ በለኝና እቀራለሁ።»

ከካሜራው ኋላ አክሽን ፊቷን አቅርቦ ቀረጸ። ዓለም እንዲህ ያለ ትወና አይታ አታውቅም ብሎ አሰበ።

«ልዩ ነው። አንዴ ብቻ ድገሚልኝ፤ ዓይንሽ ወደ ካሜራው እየመጣ ነው፣ እሱን እዪው።»

ደገመችው። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗም ተመልሶ ወደ ካሜራው መጣ። አሁንም አስደገማት። በሦስተኛው ፀጉር አስተካካዩን እያየች ቃል በቃል አለችው፤ እንባ የለ፣ ምን የለ።

«አሁን ተስተካከለ» አለ አክሽን።

ሰኞ ዕለት አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ሊነግራት ወደ ስፌት ቤቱ ሄደ። ለሰው ንግግር የማይጽፈው ሰውዬ ለራሱ አራት ገጽ ጽፎ አጥንቷል። የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ተጥሎበታል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ከመቀሳቸው ቀና አሉ።

«ትናንት ጠዋት ሄደች።»

«ወዴት?»

«ባሏ ጋ ነዋ። ቅዳሜ እስኪመሽ በር በሩን ስታይ ከዚህች ወንበር አልተነሳችም። ሂጂና ንገሪው፣ ምን ያሳፍርሻል ብላት፣ ነግሬዋለሁ እኮ እትዬ አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ። ተስተካከለ አለኝ አለች።»

አራት ገጹን በኪሱ እንደያዘ ተመለሰ።

ዓመታት አለፉ፤ ያንን ፊልም ማንም አላየውም። ጎረቤቶቹ ራሳችንን መቼ ነው የምናየው እያሉ ይወተውቱታል፤ ገና ነው ይላቸዋል። የማይጠይቀው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ፊቱን እንዳያይ መስታወቱን ወደ ግድግዳ ያዞርለታል፣ ፀጉሩን ይቆርጥለታል።